«ዘይት» የተባለው ዘይት ያልሆነ ፈሳሽ፦ የአንዲት 1966 ቮልስዋገን ፍሬን ጎንደር ውስጥ በመኖሪያ ግቢ የታደሰበት የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

የፍሬን ብልሽት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ፔዳሉ ተረግጦ መኪናው አልቆም ሲል ነው። እዚህ የሚቀርበው ጉዳይ የተገላቢጦሽ ነው፤ ፍሬኑ ይይዛል፣ ከያዘ በኋላ ግን አይለቅም። መንስኤው ከአንድ ስኒ የማይበልጥ የተሳሳተ ፈሳሽ ነበር። ያንን ስኒ ከመስመሩ ለማስወጣት ሁለት ወር ገደማ፣ ሁለት ዙር ጥገናና ፈሳሹ የነካውን ከጎማ የተሠራ ዕቃ ሁሉ መቀየር አስፈልጓል። የመጀመሪያው ዙር የከሸፈው በእኔ ምክር በመሆኑ፣ የተሳካውን ብቻ መርጬ መጻፍ ተገቢ ሆኖ አልታየኝም።

ባለንብረቱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። እኔ ጎረቤታቸው ስሆን በወጣትነቴ ለተወሰኑ ዓመታት በመካኒክነት ሠርቻለሁ። ሦስተኛው ሠራተኛ የእህታቸው ልጅ ነው፤ ፔዳል የመርገጡም፣ ዕቃ የማፈላለጉም ሥራ በእርሱ ላይ የወደቀ ነበር። የማናችንም ስም እዚህ አይጠቀስም። የተሳሳተውን ፈሳሽ የጨመረው ወጣትና የሚሠራበት ጋራዥም አይጠቀሱም፤ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ በታች ይታያል።

መኪናዋና መንገዱ

መኪናዋ ቮልስዋገን 1300 ናት። ይህ ዓይነት ለ1966 የሞዴል ዓመት የወጣ ሲሆን ሞተሩ 1,285 ሲሲ ነው። አራቱም እግሮቿ ባለ ታምቡር ፍሬን ናቸው፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት (ታምቡሩን) ከውስጥ ሸራ ተገፍቶ ይይዘዋል፤ የእግርን ኃይል የሚያግዝ መሣሪያ የላትም። ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው የፍሬን መስመሯ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። በኋላ በተሠሩት መኪኖች ማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ፈሳሹን ወደ አራቱ ጎማዎች የሚገፋው ዕቃ) ለሁለት ተከፍሎ አንዱ መስመር ቢፈስስ ሌላው ይተርፋል። በዚህች መኪና ግን አንዲት ቱቦ ከተበሳች የእግር ፍሬን ጨርሶ የለም፤ የሚቀረው በገመድ የሚሠራው የእጅ ፍሬን ብቻ ነው።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች፣ ሜዳ የማይበዛባት ከተማ ናት። ከፒያሳ ወደ አዘዞ የሚወስደው መንገድ ወደ ታች ይወርዳል፤ ወደ ሰሜን በወለቃ በኩል ወደ አምባ ጊዮርጊስና ዳባት የሚያወጣው ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት የተፈራረቁበት ነው። ባለንብረቱ ዘመድ ለመጠየቅ በየወሩ አምባ ጊዮርጊስ ይሄዳሉ። ስለዚህ መኪናዋ ለጌጥ በግቢ የቆመች ሳትሆን በየጊዜው ረጅም ቁልቁለት የምትወርድ ናት።

ችግሩ እንዴት ጀመረ

ክረምቱ እንደወጣ ባለንብረቱ ከአምባ ጊዮርጊስ ሲመለሱ ፔዳሉ ከወትሮው ዝቅ አለባቸው። መንገድ ዳር ባገኙት ጋራዥ ቆመው ሲያስከፍቱት፣ ከፊት ኮፈን ሥር ከስኮርታ ጎማው ኋላ ያለው የፈሳሽ ማጠራቀሚያ ሊደርቅ ተቃርቦ ነበር። «ዘይት ጎድሏል» ተባሉ፤ እርሳቸውም «ጨምርልኝ» አሉ። ወጣቱ ክዳኑ ከተከፈተ ጠርሙስ ቀላ ያለ ዘይት ጨመረ። ፔዳሉ ወዲያው ተስተካከለ፤ ሁለቱም ተመሰጋግነው ተለያዩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ፔዳሉ እየከበደና እያጠረ መጣ። መኪናዋ በሜዳ ላይ ማርሽ ሲለቀቅ ራሷ ትቆም ጀመር። አንድ ቀን ከቅዳሜ ገበያ ወደ ቤት ሲመለሱ የተቃጠለ ሽታ ተከተላቸው፤ ግቢ ሲደርሱ የፊት ቸርኬዎቹ እጅ የማያስነኩ ነበሩ። ሌሊቱን አድራ ግን በማግስቱ በአንድ እጅ ግፊት ተንቀሳቀሰች። ባለንብረቱ «ጠዋት ጤነኛ፣ ከሰዓት በኋላ በሽተኛ» ያሉት ይህ ባሕርይ ምርመራውን አሳስቶታል፤ የምናየው መኪናዋን ሁልጊዜ ቀዝቅዛ ስለነበር ለጥቂት ጊዜ «ምንም የላትም» ስንል ቆይተናል።

የከሸፈው የመጀመሪያ ጥገና

የእኔ ግምት ማስተር ሲሊንደሩ ነበር። ግምቱ በከፊል ትክክል ነው። በማስተር ሲሊንደር ውስጥ ከማጠራቀሚያው ጋር የምትገናኝ እጅግ ቀጭን የመመለሻ ቀዳዳ አለች። እግር ከፔዳሉ ሲነሳ ፒስተኑ ወደ ኋላ ይመለስና ቀዳዳዋ ትከፈታለች፤ ሙቀት ያሰፋው ፈሳሽም በእርሷ በኩል ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። ፈሳሹ እንዳያመልጥ በፒስተኑ ላይ የሚገባው የጎማ ማተሚያ፣ ጎሚኒው፣ አብጦ ቀዳዳዋን ከሸፈናት ግን ፈሳሹ መውጫ ያጣል። መኪናዋ በተነዳች ቁጥር ፈሳሹ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲሰፋ ሸራውን ወደ ታምቡሩ ይገፋል፤ ይህም ሙቀቱን ያብሰዋል። ሲበርድ ደግሞ ሁሉም ይለቅቃል።

ማስተር ሲሊንደሩ በአዲስ እንዲተካ መከርኩ፤ ተተካ። አሮጌው ፈሳሽ ከማጠራቀሚያው ተቀድቶ ወጣ፣ አዲስ ተሞላ፣ በመስመሩ የገባው አየር ተለቀቀ። መኪናዋ ለአሥር ቀን ያህል እንደ አዲስ ሆነች። በአሥራ አንደኛው ቀን የማራኪን ዳገት ወጥታ ስትጨርስ እንደገና ያዘች።

ሲፈታ የአዲሱ ማስተር ሲሊንደር ጎሚኒ እንደ እንጉዳይ አብጦና ለስልሶ ተገኘ። አንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ በአንድ ዓይነት መልክ ሲበላሽ ጥፋቱ የዕቃው እንዳልሆነ መረዳት ነበረብን፤ ዘግይቶም ቢሆን ተረዳን።

በብርጭቆ ውሃ የተገኘው መልስ

እዚህ ላይ ስለ ስሙ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የጋራዥ ቋንቋችን አብዛኛው ከጣልያን የመጣ ነው፤ ፍሬን፣ ሞላ፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ኩሽኔታ ሁሉ የዚያ ዘመን ቅሪት ናቸው። ጣልያኖች ፈሳሹን ራሳቸው «የፍሬን ዘይት» ስለሚሉት ስያሜው ከእነርሱ ጋር ሳይመጣ አልቀረም። ነገር ግን ዶት 3ና ዶት 4 በሚባሉት የፍሬን ፈሳሽ ደረጃዎች ጠርሙስ ውስጥ ያለው ከግላይኮል ቤተሰብ የሚሠራ፣ ውሃ የሚስብና ከውሃ ጋር የሚዋሃድ ፈሳሽ ነው። ለእርሱ ተብሎ የተሠራው ጎሚኒ ከነዳጅ ዘይት የተገኘ ማናቸውም ቅባት ሲነካው ያብጣል፤ የሞተርም ይሁን የካምቢዮ ወይም የመሪ ዘይት ልዩነት የለውም። ወጣቱ ዘይት ጨምር ተባለ፣ ዘይት ጨመረ። ከዚህ በኋላ በጽሑፉ ውስጥ የፍሬን ፈሳሽ ማለትን የመረጥኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ምርመራው በወጥ ቤት ዕቃ ተሠራ። በአንድ ንጹሕ ብርጭቆ ውሃ አድርገን ከታሸገ ጠርሙስ ጥቂት ጠብታ የፍሬን ፈሳሽ ጨመርንበትና አማሰልነው፤ ተቀላቅሎ ጠፋ። በሁለተኛው ብርጭቆ ከኋላ ቀኝ ጎማ አየር ማውጫ ብሎን የተቀዳውን ጨመርን። ሲረጋ ውሃው ላይ የሚያብለጨልጭ የዘይት ክብ ተንሳፈፈ። ማስተር ሲሊንደሩ ተቀይሮ አዲስ ፈሳሽ ካለፈ በኋላም በመስመሩ መጨረሻ ዘይት እንዳለ በዓይናችን አየን። በቱቦዎቹ ግድግዳና በጎሚኒዎቹ ውስጥ ሰርጎ የቀረው ነበር አዲሱን ጎሚኒ የበላው።

ሌላም ፈተና አደረግን። መኪናዋን ነድተን ፍሬኑ እንደያዘ አቆምናትና ከማስተር ሲሊንደሩ የሚወጣውን ቱቦ ዳዶ በትንሹ ላላ አደረግን። ሦስት ጎማዎች ለቀቁ፤ የፊት ግራው ግን አልለቀቀም። የራሱን አየር ማውጫ ስንከፍት ነው የለቀቀው። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ በማስተሩና በዚያ ጎማ መካከል ያለው የጎማ ቱቦ ውስጡ አብጦ ፈሳሹን ወደ ፊት ያሳልፋል፣ ወደ ኋላ ግን አይመልስም። ከውጭ ሲታይ ቱቦው እንከን የለሽ ነበር።

ውሳኔውና የዕቃ ፍለጋው

ፈሳሹ የነካው ከጎማ የተሠራ ዕቃ ሁሉ እንዲቀየር ተወሰነ፦ የማስተር ሲሊንደሩና በየጎማው ሆነው ሸራውን የሚገፉት የአራቱ ዊል ሲሊንደሮች ጎሚኒ፣ አራቱ የጎማ ቱቦዎች፣ ከማጠራቀሚያው በታች ያለችው የጎማ መሰኪያ፣ በማስተሩ ላይ የምትታሠረው የፍሬን መብራት ማብሪያም ጭምር። ይህች የመጨረሻዋ ብዙ ጊዜ ትረሳለች፤ ውስጧ ግፊት የሚቀበል ስስ ክፍል ስላለ ሁለት ጊዜ እንዲያፈስስ አልፈለግንም።

ዕቃው ጎንደር ስላልተገኘ በስልክ ከአዲስ አበባ፣ ከሱማሌ ተራ አካባቢ ተፈለገ። ስህተት የተሠራው እዚህ ነው። ሊብሬው የመኪናዋን ዓመት «1960» ይላል፤ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አይገልጽም። የእህታቸው ልጅ የኢትዮጵያ አቆጣጠር እንደሆነ ተረድቶ ስምንት ዓመት ደምሮ «የ1968 ሞዴል» ብሎ አዘዘ። ስሌቱ ትክክል ነው፤ የተመዘገበው ግን መኪናዋ ሰሌዳ ያወጣችበት ዓመት እንጂ የተሠራችበት አልነበረም። የመጡት የኋላ ዊል ሲሊንደሮች ለ1968ና ከዚያ በኋላ ላሉት የሚሆኑ፣ የውስጥ ስፋታቸው 17.46 ሚሊ ሜትር የሆኑ ነበሩ። የእኛዎቹ 19.05 ሚሊ ሜትር ናቸው። ልዩነቱ ለዓይን ትንሽ ነው፤ የፒስተኑ ስፋት ሲሰላ ግን ኃይሉ በ16 በመቶ ይቀንሳል። «በግድ እናግባው» የሚል ሐሳብ ተነስቶ ነበር። በአንድ መስመር በሚሠራ ፍሬን ላይ የፊትና የኋላውን ሚዛን በግምት መለወጥ አልተቀበልኩም፤ ዕቃው ተመለሰ፣ ሦስት ሳምንትም ጠፋ።

ትክክለኛው ዓመት የተገኘው በኋላ ወንበር ሥር ከተቀረጸው የሻሲ ቁጥር ነው። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ የቮልስዋገን ሻሲ ቁጥር ዘጠኝ አሃዝ ሲሆን ሦስተኛው አሃዝ የሞዴሉን ዓመት ያሳያል። የእኛው በ116 ይጀምራል፤ ስለዚህ 1966 ነው። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ፍተሻ ነበር።

መፍታትና ማጽዳት

ሥራው የተሠራው በሲሚንቶ በተለሰነው የግቢው ክፍል ነው። መኪናዋ በክሪክ ከፍ ካለች በኋላ በእኩል ቁመት በተቆረጡ ወፋፍራም የባሕር ዛፍ ጉማጆች ላይ ተቀመጠች። ድንጋይ በምንም መልኩ አልተጠቀምንም፤ ድንጋይ ሳያስጠነቅቅ ይሰነጠቃል።

የኋላ ታምቡሮችን የያዘው ባለ 36 ዳዶ በ30 ኪሎግራም ሜትር ኃይል የሚጠብቅ በመሆኑ መኪናዋ ገና መሬት ላይ ሳለች፣ የእጅ ፍሬን ተስቦና ጎማው ተደግፎ መላላት አለበት። እኛም ዳዶው እንዳይላላ የሚይዘውን ሽቦ መሰል ማሠሪያ፣ ኮፒሊያውን፣ አውጥተን በቁልፉ እጀታ ላይ ረጅም የውሃ ቧንቧ ሰክተን አላላነው። ከፍ ብላ በጉማጅ ላይ ከተቀመጠች በኋላ ይህን መሞከር ከጉማጁ ላይ መጣል ነው።

ታምቡሮቹ ሲወጡ የመጀመሪያው ጉድለት መነሻም ተገኘ። የኋላ ቀኙ ዊል ሲሊንደር ድሮውንም ያነባ ነበር፤ ሸራው በፈሳሽ ረጥቧል። ማጠራቀሚያው የጎደለው በዚህ ነው። እዚያው ጋራዥ «ለምን ጎደለ?» ተብሎ ቢጠየቅ ኖሮ ምናልባት ይህ ሁሉ አይከተልም ነበር፤ ይህን ጥያቄ ግን እኛም ባለቤቶቹ አልጠየቅንም። አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል የታምቡሩን አቧራ በአፍም በአየርም አላራገፍነውም፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገን ጨርቁን በፌስታል አሥረን ጣልነው። የረጠበው ሸራ ተጠርጎ አይድንም፤ የኋላዎቹ አራቱም ተቀየሩ።

የዊል ሲሊንደሮቹ ውስጥ በእጅ ባትሪ ተፈተሸ። የፊት ሁለቱ ለስላሳ ስለነበሩ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በክብ ታሽተው አዲስ ጎሚኒ ገባላቸው። የኋላ ሁለቱ ዝገት በልቷቸዋል፤ ጥፍር ሲነካው የሚይዘው ጉድጓድ ስለነበራቸው በትክክለኛው 19.05 ሚሊ ሜትር አዲስ ሲሊንደር ተተኩ። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ አዲስ ጎሚኒ ማስገባት ትርፉ ድካም ነው።

ትልቁ ሥራ የብረት ቱቦዎቹ እጥበት ነበር። ቤንዚንና ነጭ ጋዝ ዘይትን ያጸዳሉ፤ ነገር ግን ራሳቸው ጎሚኒን የሚያሳብጡ በመሆናቸው ከሥራው ሙሉ በሙሉ አገድናቸው። የተጠቀምነው 96 በመቶ አልኮል ነው። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል ቀሪው ውሃ ስለሆነ አይመረጥም። አንድ ጎረቤት ዳገም አረቄ ይዞ መጥቶ ለእርዳታ አቅርቦልን ነበር፤ እርሱም ግማሽ ያህሉ ውሃ መሆኑን አስረድተን ለሌላ አገልግሎት አዋልነው።

እያንዳንዱ ቱቦ በመርፌ አልኮል እየተገፋበት የሚወጣው በብርጭቆ ውሃ እየተሞከረ ታጠበ። ከማስተሩ ተነስቶ በመኪናዋ ወለል መሃል ካለው ከፍታ ጎን ወደ ኋላ የሚሄደው ረጅሙ ቱቦ የዘይት ክብ ማሳየቱን ያቆመው በአራተኛው ዙር ነው። ከዚያ ቱቦዎቹን በአየር ለማድረቅ ወደ ጎሚስታ ወሰድናቸው። ይህም ሌላ ስህተት ነበር። ከኮምፕረሰር የሚወጣ አየር የራሱን የውሃ ጠብታና የቅባት ጉም ይዞ ይመጣል፤ ነጭ ወረቀት ፊት ለፊት ይዘን ስናስነፋው ቢጫ ነጠብጣብ ታየ። ቱቦዎቹ እንደገና በአልኮል ታጥበው በእጅ በሚሠራ የብስክሌት መንፊያ ደረቁ።

አንድ ቱቦ፣ ከፊት ጭቃ የሚመታው፣ ዝጎ ስለነበር በ4.75 ሚሊ ሜትር አዲስ የብረት ቱቦ ተተካ፤ ጫፎቹ ቀድመው የተሠሩ ሆነው ከአዲስ አበባ መጣ። የፍሪጅ መዳብ ቱቦ ይበቃል የሚል ምክር ደጋግመን ሰምተናል። ንጹሕ መዳብ በንዝረት እየጠነከረ ሄዶ ስለሚሰነጠቅ ለፍሬን አይሆንም።

መግጠም፣ የውሃ ጀሪካንና አየር ማስወጣት

ጎሚኒዎቹ ሲገቡ የተለቀለቁት በንጹሕ የፍሬን ፈሳሽ ብቻ ነው፤ በግራሶ አይደለም፣ ግራሶ ራሱ ከዘይት የተሠራ ነውና። ቀለም የሚበላ ፈሳሽ በመሆኑ እርጥብ ፎጣ በፊት ኮፈን ሥር አንጥፈን ሠርተናል፤ አንድ ጊዜ የፈሰሰውን ወዲያው በውሃ አጥበን ቀለሙን አትርፈናል።

የኋላውን ዳዶ ለማጥበቅ የኃይል መለኪያ ቁልፍ አልነበረንም፤ ነገር ግን ጀሪካን ነበረን። በ1.5 ሜትር ርቀት ላይ የሚንጠለጠል 20 ኪሎ ክብደት የሚሰጠው በትክክል 30 ኪሎግራም ሜትር ነው። ቧንቧው ራሱ 4 ኪሎ ይመዝን ነበር፤ ክብደቱ በመሃሉ ስለሚያርፍ 3 ኪሎግራም ሜትር ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ጀሪካኑ ከነውሃው 18 ኪሎ እንዲሆን ሞልተን፣ መኪናዋን ወደ መሬት መልሰን፣ ቧንቧውን አግድም አድርገን በ1.5 ሜትሩ ምልክት ላይ አንጠለጠልነው። የኮፒሊያው ቀዳዳ አልገጥም ሲል ዳዶው ወደ ፊት ጥቂት ይጠብቃል እንጂ ወደ ኋላ አይላላም።

አየር ማስወጣቱ፣ በጋራዥ ሰዎች አነጋገር ስፑርጎው፣ ከማስተሩ ከሚርቀው ጎማ ተጀመረ፦ ከኋላ ቀኝ፣ ኋላ ግራ፣ ፊት ቀኝ፣ ፊት ግራ። ልጁ ፔዳሉን ረግጦ «ይዣለሁ ጋሼ» ይላል፤ እኔ በ7 ቁልፍ ብሎኑን እከፍታለሁ፤ ከብሎኑ የተያያዘው ቀጭን ቱቦ ጫፉ በጠርሙስ ውስጥ በፈሳሽ ተጠልቋል። ፈሳሹ መውጣቱን ሲያበቃ ብሎኑ ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ «ልቀቅ» ይባላል። ይህ ቅደም ተከተል ሲዛነፍ አየር ተመልሶ ይገባል። አንድ ሊትር ያህል ዶት 4 ፈጅተን አረፋ መውጣቱ ቢያቆምም ፔዳሉ ግማሽ መንገድ እየወረደ አስቸገረን። አየር የቀረ መስሎን ግማሽ ቀን ደግመን ደጋግመን ሠራን። ምክንያቱ ሌላ ሆኖ ተገኘ፤ ሸራዎቹ ከታምቡሩ ጋር አልተቀራረቡም ነበር። በማስተካከያው ቀዳዳ በኩል በካቻቢቴ እያንዳንዱን ሸራ ታምቡሩን እስኪነካ አጥብቀን ጎማው በነጻ እስኪዞር ጥቂት ስንመልሰው ፔዳሉ ከፍ ብሎ ጠነከረ።

ሁለተኛው ድንጋጤ

በመጀመሪያው ጉዞ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን መኪናዋ ያዘች። ምልክቱ ከቀድሞው አንድም አልተለየም፤ አጭርና ጠንካራ ፔዳል፣ የሞቀ ቸርኬ። ባለንብረቱ ምንም ሳይናገሩ ከመኪናው ወርደው መንገድ ዳር ተቀመጡ። እኔም ሦስተኛ ዙር ሊመጣ ነው ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር።

ከማጠራቀሚያው ናሙና ቀድተን በብርጭቆ ሞከርን፤ ዘይት የለም። ስለዚህ ጎሚኒው አላበጠም ማለት ነው፤ ያችኑ ቀዳዳ የዘጋ ሌላ ነገር መኖር አለበት። ከፔዳሉ ወደ ፒስተኑ የሚገፋው ዘንግ ከፒስተኑ ጋር 1 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ሊኖረው ይገባል። እኔ ፔዳሉ ከፍ እንዲል ፈልጌ ክፍተቱን አጥፍቼው ነበር። በዚህም ፒስተኑ እስከ መጨረሻው ሳይመለስ እየቀረ ጎሚኒው ቀዳዳዋን ሸፍኗታል። በሽታው አንድ ዓይነት፣ መንስኤው ሁለት። ዘንጉ ተስተካክሎ በፔዳሉ ጫፍ ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ነጻ እንቅስቃሴ ሲሰማ ችግሩ ጠፋ፤ ከዚያ ቀን ወዲህም አልተመለሰም።

ሙከራ

ሙከራው በደረጃ ተደረገ። መጀመሪያ በቆመችበት ፔዳሉ ባለ በሌለ ኃይል ለአንድ ደቂቃ ተረግጦ ተይዞ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ በደረቅ ነጭ ሶፍት ተነካ። ቀጥሎ በሜዳ ላይ በዝግታ፣ ከዚያም ትራፊክ በሌለበት ማለዳ ወደ አዘዞ ቁልቁል ወረድን፤ በየመሃሉ እየቆምን አራቱ ቸርኬዎች ላይ የውሃ ጠብታ አሳረፍን። ጠብታው ከጮኸ ያ ጎማ ይዟል ማለት ነው። አንዱም አልጮኸም። የአምባ ጊዮርጊስ ጉዞ የተፈቀደው ከሁለት ሳምንት የከተማ ውስጥ መንዳት በኋላ፣ ታምቡሮቹ እንደገና ተከፍተው ዊል ሲሊንደሮቹ ደረቅ መሆናቸው ሲረጋገጥ ነው። ለቦሎ በቀረበች ጊዜም የፍሬን ፍተሻውን አለፈች።

ለተመሳሳይ ሥራ የሚተርፉ ነጥቦች

ከሁሉ የሚቀድመው ይህ ነው፦ በፍሬን መስመር ውስጥ ዘይት መግባቱ ከታወቀ ከፊል ጥገና የለም። አንድ አሮጌ ጎሚኒ ወይም አንድ ያልታጠበ ቱቦ ቢቀር አዲሱን ዕቃ ይመርዘዋል። እኛ በመጀመሪያው ዙር አንድ ማስተር ሲሊንደር ከስረናል፤ ከዚያ የከፋው ግን በእነዚያ አሥር ቀናት ባለንብረቱ «ተሠርቷል» ብለው ያለ ሥጋት መንዳታቸው ነው። ፍሬኑ የያዘው በማራኪ ዳገት ላይ ባይሆንና ወደ ወለቃ በሚወርደው ቁልቁለት ቢሆን ኖሮ ሸራው ግሎ ይከዳቸው ነበር።

የብርጭቆው ውሃ ሙከራ ወጪ የለውም፤ ያረጀ መኪና የሚገዛ ሰው ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት ሊያደርገው ይችላል። ፍሬን የሚይዝ መኪና ሲመጣ ደግሞ የትኛው ዳዶ ሲላላ የትኛው ጎማ እንደለቀቀ መመልከት ዕቃ ከመግዛት ይቀድማል። ዕቃ በሚታዘዝበት ጊዜ ሊብሬ ላይ ያለውን ዓመት ሳይሆን የሻሲ ቁጥርን መናገር፣ የሲሊንደሩንም ስፋት በካሊፐር ለክቶ ቁጥሩን መስጠት ይገባል። ይህ ነጥብ ለቮልስ ብቻ ሳይሆን በሁለት አቆጣጠር መካከል ለሚኖር የአገራችን አሮጌ መኪና ሁሉ ይሠራል።

የፈሳሹ ዕድሜም አይዘነጋ። አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ 3.7 በመቶ ውሃ ከሳበ በኋላ ግን ግዴታው ወደ 155 ይወርዳል። ሳይዋሃድ የተጠራቀመ የውሃ ጠብታ ካለ ደግሞ በጎንደር ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ትንንሽ ጠርሙስ መግዛት፣ የተከፈተውን እስከሚቀጥለው ክረምት አለማስቀመጥ፣ በየሁለት ዓመቱም ፈሳሹን መቀየር ይመከራል።

ባለንብረቱ አሁን በማጠራቀሚያው ክዳን ላይ በቀይ ቀለም «ዘይት አይጨመርም» ብለው ጽፈዋል። ባለፈው ጊዜ ጎማ ሲያስጠግኑ ጽሑፉን ያነበበ አንድ ልጅ «ታዲያ ምንድን ነው የሚጨመረው?» ብሎ ጠይቋቸው፣ ከኮፈኑ ሥር የሚያስቀምጡትን የታሸገ የዶት 4 ጠርሙስ አውጥተው አሳይተውታል።